መዝገቡን ራሴ ያየሁ ዕለት

የፍቺ ጉዳዬን የያዙት ጠበቃዬ «ቀጠሮው ተላልፏል፤ አዲሱን ቀን አሳውቅዎታለሁ» ካሉኝ በኋላ ለሦስት ሳምንታት ድምፃቸው ጠፋ። ስደውል ችሎት ላይ ናቸው እባላለሁ፤ ለምልከውም መልእክት መልስ አላገኝም። በመጨረሻ ራሴ ወደ መዝገብ ቤት ሄጄ ፋይሉን ለማየት ጠየቅሁ። ተላልፏል የተባለው ቀጠሮ በቀኑ ተካሂዷል፤ ጠበቃዬም ቀርበው፣ እኔ ያላየሁትን የንብረት ክፍፍል ስምምነት በስሜ ተቀብለው ፈርመዋል።

በፍቺው ምክንያት ሊደርስብኝ የሚችለውን ክፉ ነገር ሁሉ አስቤ ነበር፤ ስለ እኔ ይከራከራሉ ካልኳቸው ሰው ግን ይህን አልጠበቅሁም። ለእናቴ እንኳ ያልነገርኩትን ለእኚህ ሰው ነግሬአቸዋለሁ። የፍቺ ክርክር ከሌላው የሚከብደው በዚህ ይመስለኛል፤ ሰው የጓዳውን ገመና ለጠበቃው አስረክቦ ነው ፍርድ ቤት የሚቆመው።

ያን ምሽት በጠበቃዬ ላይ የጻፍኩትን የአቤቱታ ደብዳቤ አልላክሁትም። በማግስቱ ሳነበው ግማሹ ስለ ጠበቃዬ ሳይሆን ስለ ትዳሬ መፍረስ ነበር፤ ስለዚህ ሁለቱን ሐዘኖች እየለየሁ እንደገና ጻፍኩ። ዳኛው የጠየቅሁትን ሁሉ ባይፈቅዱ የጠበቃ ጥፋት ነው ማለት አልችልም፤ ጠበቃ አሸንፋለሁ ብሎ ዋስትና አይሰጥም፣ የክርክሩንም ስልት በአብዛኛው ራሱ ይመርጣል። ጉዳዩን በስምምነት መጨረስ ወይም አለመጨረስ ግን የባለጉዳዩ ውሳኔ ነው። ሳያማክሩኝ መፈረማቸውንና ስለ ቀጠሮው ያልሆነውን መንገራቸውን ብቻ በየቀናቸው አስፍሬ፣ መልእክቶቹንና የክፍያ ደረሰኞቹን አያያዝኩ። ብዙውን ነገር በስልክ ብቻ መጨረሴ እስካሁን ይቆጨኛል።

ወዲያውኑ የጠበቆችን ጥፋት ለሚያየው የዲሲፕሊን ጉባኤ አቤቱታውን ለማቅረብ ስነሳ ያማከርኳቸው ሌላ ጠበቃ ከለከሉኝ። አቤቱታው ሲታይ የይግባኝና የመቃወሚያ ጊዜ ቆሞ አይጠብቅም፤ ጠበቃ በዲሲፕሊን መቀጣቱም በራሱ የተሰጠውን ውሳኔ አይለውጥም አሉኝ። በዚህ ምክንያት ውክልናውን መሻሬን በጽሑፍ ለቀድሞው ጠበቃዬና ለፍርድ ቤቱ አሳወቅሁ፤ ስምምነቱ ያለ ፈቃዴ የተደረገ መሆኑን የሚገልጽ ማመልከቻም በአዲሷ ጠበቃዬ በኩል ገባ። የቀድሞው ቀሪ ክፍያ አለብሽ በማለት ፋይሌን አልሰጥም አሉ። ይህ በአንዳንድ አገር የሚፈቀድ፣ በሌላው የሚከለከል ነገር ስለሆነ ጊዜ አላባከንኩም፤ የፍርድ ቤቱን መዝገብ አስገልብጠን ሥራው ቀጠለ፣ እኔም የእያንዳንዱን ሥራ ዋጋ የሚያሳይ ዝርዝር ሒሳብ በጽሑፍ ጠየቅኋቸው።

አቤቱታው ላይ ስደርስ ያላሰብኩት ፍርሃት ያዘኝ። ጠበቃ የደንበኛውን ምሥጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ነገር ግን ደንበኛው ራሱ ሲከሰው፣ ለመከላከያው የሚያስፈልገውን ያህል መግለጽ ይችላል። በዚያች ቢሮ እያለቀስኩ የተናገርኩት ሁሉ ትዝ አለኝ። ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ለአሥራ አንድ ቀን ተቀመጠ። አዲሷ ጠበቃዬ አንብበው፣ ከጥፋቱ ጋር የማይገናኘውን አንድ አንቀጽ እንዳወጣ መከሩኝ፤ የሚገለጸው ምሥጢር ከቀረበው ክስ ማለፍ እንደሌለበትም አስረዱኝ። አንቀጹን አውጥቼ አቤቱታውን አስገባሁ።

ዛሬ ከዲሲፕሊን ጉባኤው ደብዳቤ ደረሰኝ። የቀድሞው ጠበቃዬ መልሳቸውን እንደሰጡ ገልጾ፣ እርሳቸው ባሉበት ቀርቤ ቃሌን ለመስጠት ፈቃደኛ መሆኔን ይጠይቃል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እመጣለሁ ብዬ ፈርሜ መልሻለሁ።