ከአሜሪካ የመጡት ሦስት ብልቃጦች

እማዬ ስኳር ካለባት 14 ዓመት ሆናት። ባለፈው ክረምት ሌሊት ሌሊት ባቷ እየተኮማተረ እንቅልፍ ነሳት። እየጮኸች ትነቃለች፣ እኔ እግሯን እያሸሁ አነጋለሁ። ዋሽንግተን ያለችው አክስቴ ይህን በስልክ ሰምታ በሰው እጅ ሦስት ብልቃጥ ላከች፤ ዚንክ፣ ክሮሚየምና ሴሌኒየም የሚባሉ የማዕድን ክኒኖች። «የስኳር ሰው ደም ውስጥ እነዚህ ያንሳሉ፣ በየቀኑ ትውሰድ» አለችኝ።

አክስቴ ከመሬት ተነስታ አይደለም። ስኳር ያለባቸው ሰዎች ደም ሲመረመር ዚንክና ማግኒዚየም የሚባለው ሌላ ማዕድን ዝቅ ብሎ መገኘቱ ብዙ ጊዜ የታየ ነገር ነው። እኔን ያሳሰበኝ ለምን አነሰ የሚለው ነው።

ደም ውስጥ ስኳር ሲበዛ ኩላሊት ትርፉን በሽንት ያስወጣዋል። ስኳሩ ውሃ ይዞ ይወጣል፣ ሽንት ይበዛል፣ ዚንኩና ማግኒዚየሙም አብሮ ይሄዳል። እነዚህ ደግሞ የሚናቁ አይደሉም። ቆሽት ኢንሱሊንን የሚያከማቸው ስድስት ስድስቱን በዚንክ አያይዞ ነው። ማግኒዚየም ሲያንስ ኢንሱሊን በደንብ አይሠራም፣ ኢንሱሊን ካልሠራ ስኳሩ ይጨምራል፣ ስኳሩ ሲጨምር ማግኒዚየሙ ይበልጥ በሽንት ይወጣል። ስኳሩ ሳይስተካከል ክኒን ብቻ መጨመር በቀዳዳ እንስራ ውሃ መቅዳት ነው።

ሌላው መድኃኒት ነው። እማዬ ለደም ግፊቷ የሚያሸና መድኃኒት ትወስዳለች፣ ለጨጓራዋ ደግሞ ኦሜፕራዞል ከዓመት በላይ ሳታቋርጥ ስትውጥ ኖራለች። ሁለቱም ማግኒዚየም ሊቀንሱ ይችላሉ። ይህን ማንም ነግሮን አያውቅም፣ እውነቱን ለመናገር በጣም አናዶኛል። መድኃኒቶቿን ሁሉ በፌስታል ይዤ ሄድኩና ሐኪሟ ፊት ዘረገፍኳቸው። የማግኒዚየም ምርመራ አዘዘላት፣ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ኦሜፕራዞሉን አስቆማት፣ የግፊቱን ቀየረላት፣ ኩላሊቷን አስመርምሮ ለጥቂት ሳምንታት ማግኒዚየም ሰጣት። የኩላሊቱ ምርመራ የግድ ነው፤ ኩላሊት ከደከመ ማግኒዚየም ደም ውስጥ ይጠራቀማል፣ ያ ደግሞ አደገኛ ነው።

የላብራቶሪ ወረቀቱንም ብቻውን አትመኑት። ከሰውነታችን ማግኒዚየም ደም ውስጥ ያለው ከ1 በመቶ በታች ነው፣ ስለዚህ ቁጥሩ ደህና ሆኖ ሰውነት ሊጎድለው ይችላል። ዚንክ ደግሞ ኢንፌክሽን ሲኖር ብቻ እንኳ ይወርዳል።

ይበልጥ ያስደነገጠኝ ሴሌኒየም ነው። አሜሪካ ውስጥ የቆዳ ካንሰርን ይከላከል እንደሆነ ለማየት በተደረገ ጥናት፣ ስኳር ካልነበረባቸው 1,202 ሰዎች ግማሾቹ በቀን 200 ማይክሮግራም ሴሌኒየም፣ ግማሾቹ ባዶ ክኒን ለዓመታት ወሰዱ። በፈረንጆቹ 2007 በወጣው ውጤት ሴሌኒየም ከወሰዱት 58ቱን፣ ካልወሰዱት 39ኙን ስኳር ይዟቸዋል። እኛ ቤት የመጣው ብልቃጥም 200 ነው የሚለው! ክሮሚየሙንም ሐኪሟ አያስፈልጋትም ብሎ መለሰው።

እማዬ አሁን ምስሩንም ጎመኑንም ትበላለች፣ እንጀራዋም በደንብ የቦካ ነው። መቡካቱ ዚንኩን አስሮ የሚይዘውን ነገር ስለሚቀንስ ሰውነት ይበልጥ ያገኘዋል። ሌሊት መጮኋ ቀርቷል።

ለአክስቴ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት። ዝም አለችና «ታዲያ ምን ልላክላት?» አለች። የስኳር መለኪያ ስትሪፕ አልኳት። እዚህ ውድ ነው፣ እማዬም እየቆጠበች በሳምንት አንዴ ብቻ ነበር የምትለካው።