ሰው የሌላት፣ አዛዥ የበዛባት ደሴት

ጀልባው ሊነሳ በነበረበት ቀን ማዕበሉ በረታና ጉዟችን ለማግስቱ ተላለፈ። ስኮትላንድ ውስጥ ወደምትገኘው ወደ ሴንት ኪልዳ የሚሄድ ሰው መጠባበቂያ ቀን እንዲይዝ አስቀድሞ ስለሚነገረው በዚህ አልተናደድኩም። ያናደደኝ ሃሪስ ደሴት ላይ ያረፍኩበት የእንግዳ ማረፊያ ነው፤ ለተጨማሪዋ ሌሊት ከመጀመሪያው እጥፍ አስከፈሉኝ፣ ለዚያውም ማሞቂያው በማይሠራ ክፍል። የጀልባው ትኬት ብቻ ከ200 ፓውንድ በላይ ወስዶብኝ ስለነበር ሌሊቱን ሒሳብ ስሠራ አደርኩ።

ማዕበሉ ጋብ አለ ቢባልም ለእኔ ጋብ አላለልኝም። ከሃሪሱ ወደብ ከለቨርበርግ ተነስቶ ሂርታ የተባለችው ዋናዋ ደሴት እስኪደረስ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ገና ከወደቡ ራቅ እንዳልን ሆዴ ይገለባበጥ ጀመር፤ ከዚያ ወዲያ ከማስመለሻ ከረጢቴ በቀር ያየሁት ነገር የለም። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት ስኮትላንዳዊት እናት፣ «ልጄ፣ ወለሉን ተወውና አድማሱን እይ» ብለው የዝንጅብል ብስኩት ሰጡኝ። አድማሱም ይወዛወዝ ነበር፤ ብስኩቱ ግን በጀኝ።

ከትልቁ ጀልባ ወደ ጎማ ጀልባ ወርደን የብስ ስንረግጥ፣ የደሴቲቱ ጠባቂ ጫማችን ሳይደርቅ ስለ አይጥ ታስተምረን ጀመረች። ቦርሳችሁን ፈትሹ አለችን። ጉድጓድ ውስጥና መሬት ላይ እንቁላል ለሚጥሉት የባሕር ወፎች ከመርከብ ሾልኮ የሚወርድ አይጥ ጥፋት ነው። ደሴቲቱ ግን የራሷ የሜዳ አይጥ አላት፤ በስኮትላንድ ዋና ምድር ካሉት ዘመዶቹ እጥፍ ያህል የሚመዝን። ከሰዎቹ ጋር ይኖር የነበረው የቤት አይጥ ደግሞ ሰዎቹ በሄዱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አለቀ። እኔ ግንብ የሚያጠና ሰው ነኝ፣ ስለ እንስሳት ብዙም አይገደኝም፤ ይህ ግን ከአእምሮዬ አልወጣም።

ሴንት ኪልዳ ከኖርዝ ዩስት ደሴት በስተምዕራብ 64 ኪሎ ሜትር ያህል አትላንቲክ ውስጥ ገብታ የምትገኝ፣ ቋሚ ነዋሪ የሌላት የደሴቶች ስብስብ ናት። አዛዥ ግን ሞልቷታል። ከ1957 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ባለቤቷ ቅርስና ተፈጥሮ የሚጠብቀው በጎ አድራጎት ድርጅት፣ የስኮትላንድ ብሔራዊ ትረስት ነው። ከመሬቷ ከፊሉን የብሪታኒያ መከላከያ ሚኒስቴር ተከራይቶ የሚሳኤል ሙከራ የሚከታተል ራዳር ተክሎባታል። ተፈጥሮውን የሚቆጣጠር መሥሪያ ቤት አለ፣ ፍርስራሹን የሚጠብቅ ሌላ መሥሪያ ቤት አለ፣ የምዕራብ ደሴቶች ምክር ቤትም አለ። ከሁሉም በላይ ዩኔስኮ፤ በ1986 በተፈጥሮዋ፣ በ2004 በዙሪያዋ ባሕር፣ በ2005 ደግሞ በባህሏ በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። ጠባቂዋን «አንድ ሰው እዚህ ተመልሶ ጎጆ ልቀልስ ቢልስ?» ብላት ሳቀችብኝ።

የቀድሞዎቹ ነዋሪዎች ግን ራሳቸውን የሚያስተዳድሩት ቆመው ነበር። ወንዶቹ ጠዋት ጠዋት በመንደሩ ብቸኛ መንገድ ላይ ተሰብስበው የዕለቱን ሥራ ይወስናሉ፤ ሰብሳቢ የለ፣ ቃለ ጉባኤ የለ። ክርክሩ ከጋለ ቀኑን ሙሉ ሥራ ሳይሠራ ይውላል ይባላል። ሴቶቹ ግን አልተጠሩም፤ እነርሱ ሥራ ላይ ናቸው። ለስካይ ደሴቱ ባላባት ለማክላውድ ግብር የሚከፍሉት በወፍ ላባና በወፍ ዘይት ጭምር ነበር።

በ1930 ግንቦት ነዋሪዎቹ ራሳቸው ለመንግሥት ማመልከቻ ጻፉ፤ ጉልበት ያለው ወጣት ተሰዶ አልቋል፣ ሕክምና የለም፣ ክረምቱን አንችለውም ብለው። ነሐሴ 29 ቀን 36 ሰዎች በባሕር ኃይል መርከብ ተጭነው ወጡ። ብዙዎቹ የተሰጣቸው ሥራ የደን ሥራ ነበር፤ አንድ ዛፍ በሌለባት ደሴት ለተወለዱ ሰዎች! እዚያ ቆሜ ያሰብኩት በ2016 ከሰሜን ተራሮች ፓርክ ስለተነሱት የግጭ ሰዎች ነው። እኔ የጎንደር ልጅ ነኝ፤ ግጭን መንደር ሳለ አይቼዋለሁ። ሁለቱም ቦታዎች የዓለም ቅርስ ናቸው፤ እዚህ ግን ሰዎቹ ከሄዱ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው ቅርሱ የመጣው። ግጭ ላይ ቅርሱ ቀድሞ መጣና ሰዎቹ ሄዱ። የትኛው እንደሚሻል የሚነግረኝ ባለሙያ አላገኘሁም።

ክሌት የሚሏቸው የድንጋይ ጎተራዎች በደሴቶቹ ላይ ከ1,200 በላይ ናቸው። ያለ ጭቃ የተካቡ ስለሆኑ በድንጋዩ መሃል ነፋስ ይገባል፤ ሥጋና ላባ የሚደርቀው በዚያ ነው፤ ጣሪያቸው ሣር የበቀለበት አፈር ስለሆነ ዝናብ አያስገባም። በእንብርክኬ ወደ አንዱ ብገባ የሞተች በግ አገኘሁ፤ ጠጉሯ ተላጦ ድንጋዩ ላይ ተለጥፏል፣ በጆሮዋ ግን ባለ ቁጥር ምልክቷ እንዳለ ነው። ሰዎቹ ከብቶቻቸውን ይዘው ከወጡ በኋላ በ1932 ከጎረቤቷ ከሶዋይ 107 በጎች ወደ ሂርታ ተሻገሩ። ዛሬ ያሉት የእነርሱ ዘሮች ናቸው፤ ከ1985 ጀምሮ ተመራማሪዎች አንድ በአንድ ይከታተሏቸዋል። አይመግቧቸውም፤ አያክሟቸውም። ቁጥራቸው ሲበዛ አንድ ክፉ ክረምት ከግማሽ በላዩን በረሃብ ይጨርሳል። ጥናቱ ይገባኛል፤ የሚራብ እንስሳ መቁጠር ግን አይዋጥልኝም።

ስንመለስ ካፒቴኑ ከደሴቶቹ አንዷ በሆነችው በቦረሬይ በኩል አዞረን፤ ገንዘቤ የካሰኝ እዚህ ነው። ስታክ አን አርሚን 196 ሜትር ቀጥ ብሎ ከባሕር የወጣ አለት ነው፤ ከወፍ ኩስ የተነሳ በረዶ የጣለበት ይመስላል፤ ሽታው ደግሞ ቀድሞ ይደርሳል። በ2013 በተደረገው ቆጠራ እዚህ አካባቢ ጋኔት የሚባለው ትልቅ ነጭ የባሕር ወፍ ወደ 60,000 ጥንድ ነበር። ክንፋቸውን አጥፈው እንደ ጦር ውኃው ውስጥ ሲወረወሩ የሆዴን ሕመም ረሳሁት።

በ1727 ሦስት ሰዎችና ስምንት ልጆች ወፍ ሊያድኑ እዚህ አለት ላይ ወጥተው ቀሩ፤ ሂርታ ላይ ፈንጣጣ ገብቶ ጀልባ የሚቀዝፍ ሰው ስላልተረፈ እስከ ተከታዩ ግንቦት የሚመጣላቸው አልነበረም። በወፍና በዓሣ ኖሩ። ካፒቴኑ ይህን ተርኮ ሲያበቃ ሻይ የሚፈልግ ካለ ብሎ ጠየቀ፤ እጄን ያነሳሁት እኔ መጀመሪያ ነኝ፤ ስኳሩንም አብዛልኝ አልኩት።