ጨረቃን ለመባረክ፦ ሒሳቡ፣ ሥርዓቱና የዋዜማው ሥራ

በአይሁድ ሃይማኖት ሰው እንደ ጨረቃ ይታደሳል ሲባል ቀንና ሰዓት የተቆረጠለት ሥራ አለው። እኔ በየወሩ የምሠራው ሦስት ጊዜ ነው፦ በመባቻው ዋዜማ ከራሴ ጋር እተሳሰባለሁ፤ መባቻውን፣ ማለትም ሮሽ ኾዴሽን፣ አከብራለሁ፤ ከዚያ ጨረቃዋ በደንብ ስትታይ ደጅ ወጥቼ ኪዱሽ ሌቫና፣ ማለትም የጨረቃን ቡራኬ፣ አደርሳለሁ። ብዙ ጊዜ የሚያመልጠው ሦስተኛው ነው፤ የሚያመልጠውም በስንፍና ሳይሆን በሒሳብ ስህተት ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። የጨረቃ ወር በአማካይ 29 ቀን ከ12 ሰዓት ከ793 ኻላኪም (የሰዓት ክፍልፋይ) ነው። አንድ ሰዓት 1080 ኻላኪም ስላለው 18ቱ አንድ ደቂቃ ይሆናሉ። አዲሷ ጨረቃ የምትወለድበት አማካይ ቅጽበት ሞላድ ይባላል። እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ ዕድለኛ ነው፤ የሞላድ ሰዓት እንደኛው ከምሽቱ 12 ሰዓት ተነስቶ ይቆጠራል። የአቆጣጠሩ መነሻ የሆነው ሞላድ «ሰኞ 5 ሰዓት ከ204 ኻላኪም» ሲል እኛ እሑድ ለሰኞ አጥቢያ፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ገደማ ብለን እንረዳዋለን። ልዩነቱ እኛ 12 ላይ ስንመለስ እነሱ እስከ 24 መቀጠላቸው ብቻ ነው።

የሚቀጥለውን ወር ለማግኘት አራቱን ሳምንት ትቼ 1 ቀን ከ12 ሰዓት ከ793 ኻላኪም እደምራለሁ። ከላይ ባለው ሞላድ ላይ ሲደመር ማክሰኞ 17 ሰዓት ከ997 ኻላኪም ይመጣል፤ ማክሰኞ ረፋድ 5 ሰዓት ከ55 ማለት ነው። በአሽከናዝ፣ ማለትም በመካከለኛውና በምሥራቅ አውሮፓ አይሁድ፣ ልማድ ከሞላድ 3 ሙሉ ቀን ይጠበቃል፣ ስለዚህ ጊዜው ዓርብ ረፋድ ይከፈታል። ዓርብ ማታ ሰንበት ገብቷል፤ በሰንበት ደግሞ በተለመደው አይባረክም። ቅዳሜ ማታ፣ ሰንበት ሲወጣ፣ ሰውም የክት ልብሱን ለብሶ ስለሚገኝ ከሁሉም የተመረጠው ምሽት ነው። ብዙ ሴፋርዶች፣ ማለትም ከስፔን የመጣውን ልማድ የሚከተሉ አይሁድ፣ ግን 7 ቀን ይጠብቃሉ፤ ለእነሱ የሚከፈተው በሚቀጥለው ማክሰኞ ነው።

መዝጊያው በአሽከናዙ የሕግ ሊቅ በራማ (ረቢ ሞሼ ኢሰርሊስ) አስተያየት የወሩ እኩሌታ፣ 14 ቀን ከ18 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ነው፤ በምሳሌያችን ረቡዕ ጠዋት 12 ሰዓት ከ17። ሹልኻን አሩኽ የተባለው የአይሁድ ሕግ መጽሐፍ እስከ 15 ሙሉ ቀን ይፈቅዳል። አሁን 7 ቀን የሚጠብቅ ሰው ቅዳሜ ማታንም ልጠብቅ ቢል ምን እንደሚቀረው ይቁጠር፦ እሑድ፣ ሰኞና ማክሰኞ ማታ ብቻ። በኢየሩሳሌም ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ሦስት ምሽት በተከታታይ ቢደመን ማንም አይደነቅም። ስለዚህ በክረምቷ ወራት ቅዳሜን አልጠብቅም፤ ጊዜው ተከፍቶ ሰማዩ ከጠራ በአዘቦትም ቀን እባርካለሁ።

ሁለት ስህተቶች ደጋግመው ይመጣሉ። አንዱ ከሞላድ ሳይሆን ከወሩ 1ኛ ቀን መቁጠር ነው፤ ሁለቱ ሊራራቁ ይችላሉ። ሌላው ሰዓቱ ነው። ሞላድ የሚነገረው በኢየሩሳሌም አማካይ የፀሐይ ሰዓት ስለሆነ የእስራኤል ሰዓት በብርዱ ወራት (በእነሱ ክረምት) 21 ደቂቃ ወደኋላ፣ በሙቀቱ ወራት (በእነሱ በጋ) 39 ደቂቃ ወደፊት ይሆናል። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያለ ሰው በዚህ ላይ የአገሩን ልዩነት ይጨምር።

ሥርዓቱ ከሒሳቡ ይቀላል። ጣራ ከሌለበት ቦታ እቆማለሁ፤ አሥር ሰው፣ ማለትም ሚንያን፣ ቢገኝ መልካም ነው፤ ቢያንስ ግን ሦስት ሰው እፈልጋለሁ። ጨረቃዋን አንዴ አይቼ ዓይኔን ወደ ሲዱሩ፣ ወደ ጸሎት መጽሐፉ፣ እመልሳለሁ፤ የሚባረከው ፈጣሪዋ ስለሆነ አፍጥጦ ማየት አይገባም። ስስ ደመና አይከለክልም፤ ብርሃኗ ከጠፋ ግን አይባረክም። በጨለማ ይነበብ ስለነበር ይህ ጸሎት በትልልቅ ፊደል ይታተማል፤ ዛሬም ዕብራይስጥ ተናጋሪዎች ስለ ግዙፍ ጽሕፈት ሲያወሩ «የኪዱሽ ሌቫና ፊደል» ይላሉ።

መዝሙር 148 መጀመሪያው ከተነበበ በኋላ ዋናው ቡራኬ ይከተላል። በታልሙድ፣ ሳንሄድሪን በተባለው ክፍል 42ኛ ቅጠል ላይ የሚገኝ ነው፤ እግዚአብሔር ጨረቃን እንድትታደስ እንዳዘዛት፣ ከማኅፀን ጀምሮ የተሸከማቸውም ወደፊት እንደ እርሷ እንደሚታደሱ ይናገራል። ቀጥሎ ሦስት ጊዜ በእግር ጣት ብድግ እየተባለ «ወደ አንቺ ብዘል ልነካሽ እንደማልችል ጠላቶቼም አይንኩኝ» ይባላል፤ ጉልበት ግን አይታጠፍም፣ ስግደት እንዳይመስል። «ዳዊት የእስራኤል ንጉሥ ሕያው ነው» የሚለውም ሦስት ጊዜ ነው፤ በዕብራይስጥ እያንዳንዱ ፊደል የቁጥር ዋጋ ስላለው ፊደሎቹ ሲደመሩ 819 ይሆናሉ፣ «ሮሽ ኾዴሽ» የሚለውም 819። በመጨረሻ ለሦስት ሰው «ሻሎም አሌኼም»፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ ይባላል። እኔ ከሦስቱ አንዱ በዋዜማው ስሙን የጻፍኩት ሰው እንዲሆን እጥራለሁ።

ዋዜማው ዮም ኪፑር ካታን፣ ትንሹ የማስተስረያ ቀን፣ ይባላል። በ16ኛው መቶ ዘመን ከገሊላዋ ጽፋት ከተማ የተስፋፋ የጾምና የንስሐ ልማድ ሲሆን ግዴታ አይደለም። ጠፍ ጨረቃም አልቃ ሰማዩ ባዶ በሚሆንበት ቀን ደብተሬ ላይ ሁለት መስመር ብቻ እጽፋለሁ፦ ያስቀየምኩት ሰውና በዚህ ወር የማስተካክለው አንድ ነገር። ሁለት ነገር ስጽፍ ሁለቱም ይቀራሉ። የማጣራው በወሩ መጨረሻ ሳይሆን በቡራኬው ምሽት ነው፤ ያኔ ገና ከግማሽ ወር በላይ ስለሚቀር ማረም ይቻላል። መባቻው ሰንበት ወይም እሑድ ከዋለ ጾሙ ወደ ሐሙስ ይቀድማል።

ኪዱሽ ሌቫና የታልሙድ ሥርዓት ስለሆነ ቤተ እስራኤል ያወቁት እስራኤል ከገቡ በኋላ ነው፤ መባቻን ግን በኢትዮጵያም ያከብሩ ነበር። በዓላቸው ስግድ የሚውልበትን ቀን ልብ ማለት ያሻል። ከዮም ኪፑር 50ኛው ቀን፣ በአይሁድ አቆጣጠር 29 ኼሽቫን፣ የቀጣዩ ወር የኪስሌቭ መባቻ ዋዜማ ነው። ቄሶች ኦሪት ያነባሉ፣ ሕዝቡ ጾሞ ኃጢአቱን ይናዘዛል፣ ቃል ኪዳኑንም ያድሳል። ቀኑ ሰንበት ላይ ከዋለ ወደ ሐሙስ ይዛወራል። ካልዋለ ጾሙ እዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ይፈታል፤ በማግስቱ መባቻ ነውና መጾም ክልክል ነው።