ሥራቸውን ለሚጠራጠሩ ወዳጆቼ፦ የጥምቀት መልእክት ከጎንደር

ውድ ወዳጆቼና ጽሑፎቼን የምትከታተሉ ሁሉ፣ እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ በሰላም አደረሳችሁ። በዓሉን ከቤተሰባችሁ ጋር የምታከብሩም፣ ከሀገር ርቃችሁ በናፍቆት የምታስቡትም፣ የሌላ እምነት ተከታይ ሆናችሁ በደስታችን ደስ የምትሰኙም፣ ሰላምና ጤና ይብዛላችሁ።

ጎንደር በዚህ ሰሞን ሌላ መልክ አላት። ከቀሐ ወንዝ የሚመጣው ውኃ የዐፄ ፋሲለደስን መዋኛ እየሞላ ይሰነብታል፤ ካህናቱ ወረቡን ያጠናሉ፤ የየሰፈሩ ወጣቶች ታቦታቱ የሚያልፉበትን መንገድ ጠርገው ምንጣፍ ያሰናዳሉ፤ ልጃገረዶችና ጎረምሶች በጉዞው ላይ የሚያዜሙትን አዲስ ግጥም አስቀድመው ይለማመዳሉ። በ2012 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጥምቀትን በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው በዓሉ በየዓመቱ በሰው እጅና በሰው ድምፅ እንደ አዲስ የሚሠራ በመሆኑ ይመስለኛል። ጃንጥላውን የጠለፈ፣ ከበሮውን የለጎመ፣ ግጥሙን የገጠመ ሰው ባይኖር ጥር 10 ቀን ለከተራ ከየቤታችን ወጥተን የምናየው ነገር እጅግ ባነሰ ነበር። ስለዚህ ዘንድሮ የበዓል ሰላምታዬን የፈጠራ ሥራ ጀምረው በጥርጣሬ ለቆሙ ሰዎች ላደርገው ወድጃለሁ።

ምክንያትም አለኝ። ከብዙዎቻችሁ የሚደርሱኝ መልእክቶች በአንድ ጥያቄ ላይ ይገናኛሉ። ግጥሞቹን ከደብተር አውጥቶ ለማንም ያላሳየ ወጣት፣ ልቦለድ ጀምራ ከመንገድ የተወችው መምህርት፣ ብሩሹን ካስቀመጠ የቆየ ሠዓሊ፣ ሁሉም የሚሉት “ለዚህ ሥራ የተፈጠርኩ አይመስለኝም” ነው። ቀን የዕለት እንጀራዬን ስሠራ ውዬ ማታ ልቦለድ የምጽፍ ሰው ነኝና ይህን ቃል አውቀዋለሁ፤ መብራቱን አብርቼ ወረቀቱ ፊት ስቀመጥ ከእኔ ቀድሞ ተቀምጦ ይጠብቀኛል።

በብዙ ምሽት ከእሱ ጋር ስከራከር የተረዳሁት ነገር አለ። ጥርጣሬ አንድ ይመስላል እንጂ ሁለት ነው። አንደኛው ስለ ሥራው የሚጠይቅ ነው። ይህ ስንኝ ላልቷል፣ ይህ ሽማግሌ እንዲህ አይናገርም፣ ይህ ቀይ ከዚያ ቢጫ ጋር አይስማማም ይላል። ይህን ጥርጣሬ ማንም እንዲያባርርላችሁ አትፈልጉ፤ ያለ እሱ ደኅና ሥራ አይወጣም። ሁለተኛው ግን ሥራውን ትቶ ሠሪውን አንቆ ይይዛል፤ “ለመሆኑ አንተ ማን ነህ?” ይላል። ለመጀመሪያው ጥያቄ ዛሬ ማታ መልስ ይገኛል፤ ስንኙን ሰርዞ ሌላ መሞከር ይበቃል። ለሁለተኛው ዛሬ ማታ የሚሰጠው መልስ የለም፣ ምክንያቱም መልሱ ያለው ገና ባልተሠራው የዓመታት ሥራ ውስጥ ነው። የሚያሳዝነው፣ ብዙዎቻችን ሥራውን የምናቆመው ይህ ሁለተኛው ጥያቄ እስኪመለስልን ድረስ ነው፤ እሱ ደግሞ ሥራው ከቆመ ለዘላለም አይመለስም።

በቅርቡ ያጋጠመኝን ላካፍላችሁ። አንዲት እናት ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ የሚሄድ ልጇን አውቶቡስ ተራ ድረስ ሄዳ የምትሸኝበትን ክፍል እጽፍ ነበር። “እያለቀሰች ሸኘችው” ብዬ ጻፍኩ፤ መልሼ ሳነበው ዐረፍተ ነገሩ በድን ሆነብኝ። ወዲያውም ያ የታወቀው ድምፅ መጥቶ ጸሐፊ አለመሆኔን ይነግረኝ ጀመር። እሱን ትቼ አንድ ትንሽ ነገር ብቻ ጠየቅሁ፤ በዚያ ሰዓት የዚህች እናት እጅ ምን እየሠራ ነው? ልብ ብዬ ሳያት በሶ የያዘውን ከረጢት አፍ ትፈታዋለች፣ ታጠብቀዋለች፣ ልጁ ሊቀበላት እጁን ሲዘረጋም ቋጠሮው እንዳልጠበቀ ሆኖ ይታያትና እንደገና ትፈታዋለች። ለቅሶውን አወጣሁት። ጸሐፊ ልሁን አልሁን ያን ማታ አልታወቀም፤ ያ አንቀጽ ግን ከቀድሞው ተሻለ፣ ለዕለቱም ይኸው በቃኝ።

የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ይህን ጉዳይ ከእኛ ቀድመው ያወቁት ይመስለኛል። በቅኔ ቤት ተማሪው ከዛፍ ሥር ወይም ከአጥር ጥግ ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ ሲቆጥር ይውላል፤ ሲመሽ ቀርቦ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርሙታል፣ ሰሙና ወርቁ ካልገጠመም ያፈርሱበታል። በማግሥቱ ሌላ ቅኔ ይዞ ይቀርባል። ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ድረስ በዚሁ ሥርዓት ይወጣል። በዚህ ሁሉ መካከል ባለቅኔ ለመሆን መታደል አለመታደሉን የሚጠይቀው የለም፤ የሚጠየቀው የዛሬው ቅኔ ነው። ከዚያም በላይ፣ ለአንድ ዕለት የተቀኙት ቅኔ በሌላ ዕለት አይደገምም፤ ባለቅኔው ለእያንዳንዱ በዓል አዲስ ያመጣል። የትናንቱ ቢሰምርም ባይሰምርም ለዛሬው አይሆንምና አንድ ሥራ በሰውየው ላይ የሚፈረድበት የመጨረሻ ፍርድ አይሆንም። የተማሪ ቤቱን ረሀብና ብርድ ለማወደስ አይደለም ይህን የምለው፤ ያ መከራ ነው፣ ባይኖር ይሻል ነበር። ሥርዓቱ ግን ጥበብ አለበት፤ ስሜት እስኪመጣ አይጠብቅም፣ የተማሪውንም ጥርጣሬ አያባብልም፣ የመቀኛና የመታረሚያ ሰዓት ግን ይሰጠዋል።

በአለቃ ገብረ ሐና ታሪክም ብዙ ጊዜ እጽናናለሁ። እኚህን ሊቅ አብዛኛው ሰው በቀልዳቸው ብቻ ማወቁ ይቆጨኛል። የጣናን ማዕበልና በነፋስ የሚወዛወዘውን ሸምበቆ ተመልክተው አዲስ የዝማሜ ስልት፣ ማለትም ካህናቱ መቋሚያ ይዘው እየተወዛወዙ የሚዘምሩበት አዲስ መንገድ፣ እንዳወጡ ይተረካል። የጎንደር ሊቃውንት ግን አልተቀበሏቸውም። እንደ አለቃ ላለ ሰው፣ ሙያውን ጠንቅቀው በሚያውቁ ባልንጀሮቹ ፊት ተቀባይነት ማጣት ምን ያህል እንደሚከብድ አስቡት። እነዚያን ሊቃውንት ለመውቀስ አልቸኩልም፤ ከአባቶች የተረከቡትን ሥርዓት መጠበቅ ግዴታቸው ነበር። ስልቱ ግን በእነሱ እንቢታ አልሞተም። ልጃቸው ተክሌ ከአባቱ ተምሮ በደብረ ታቦር አስተማረው፤ ዛሬም የተክሌ አቋቋም እየተባለ በብዙ አድባራት ይዘመማል። አንድ ጉባኤ አልቀበልም ሲል የዚያ ጉባኤና የዚያ ጊዜ መልስ እንጂ የሁሉም መልስ እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያሳየኝ ታሪክ አላውቅም።

አንዳንዶቻችሁ ደግሞ የምትጽፉልኝ ከዚህ የሚከብድ ነገር ነው። ሰው በሚቸገርበት፣ ከተማችንና አካባቢዋ ብዙ ጭንቅ ባዩበት ዘመን፣ ተረት መጻፍና ሥዕል መሣል ምን ይረባል ትላላችሁ። ይህን ጥያቄ በቀላል ቃል ልመልሰው አልደፍርም፤ እኔንም እንቅልፍ ነሥቶኛል። ስጨነቅበት የምሄደው እዚሁ ጎንደር ወዳለችው ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ነው። በጣሪያዋ ላይ ረድፍ በረድፍ የተሣሉትን የመላእክት ፊቶች ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ፤ በፎቶግራፍ ሲታዩ አንድ ፊት የተደጋገመ ይመስላሉ። አንገትን አቅንቶ አንዱን ከጎረቤቱ ጋር እያስተያዩ ለቆየ ሰው ግን የአንዱ ቅንድብ ከሌላው ሲቀጥን፣ የአንዱ ዓይን ወደ ቀኝ የሌላው ወደ ግራ ሲያዘነብል ይታያል። ሠዓሊው ወደ መጨረሻው ረድፍ ሲደርስም ብሩሹን በቸልታ አልሮጠበትም።

ደብረ ብርሃን በአድያም ሰገድ ኢያሱ ዘመን ስትተከል ጎንደር በአብያተ ክርስቲያናት የተሞላች ከተማ ነበረች። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ገብተው ከተማዋን ሲያቃጥሉ አብዛኞቹ ወደሙ፤ እሷ ተረፈች። በየግድግዳው ላይ ሲሠሩ ከነበሩት ሠዓሊዎች መካከል የማን ሥራ እንደሚቃጠል፣ የማን እንደሚቀር ያወቀ አልነበረም። ከመቃጠል ያልዳነውም በዘመኑ ለነበረው ምእመን ዓይን ብርሃን ሆኖ አገልግሏል፤ የተረፈውም ይኸው ለእኛ ደርሷል። ሥራችን የትኛው ዕጣ እንደሚወጣለት የማወቅ ድርሻ አልተሰጠንም፤ እኔም ከጊዜ ወዲህ ይህን ለማወቅ መጓጓቱን ቀንሻለሁ። ከዚያ ወዲህ ቀለል ብሎኝ እጽፋለሁ።

እንግዲህ በተግባር ምን እናድርግ ለምትሉኝ፣ ለእኔ የጠቀመኝን ልናገር። ለሥራው ከቀኑ የተቆረጠች ሰዓት ስጡት፤ አጭር ብትሆንም ቋሚ ትሁን፤ ስሜት ባይኖርም በሰዓቷ ተቀመጡ። መብራት በሄደበት ምሽትም ቢሆን አንድ አንቀጽ በእጅ ይጻፋል። ገና ያልበሰለውን ሥራ ለሕዝብ አታቅርቡት፤ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚቆጠር የ“ላይክ” ብዛት ሥራው የቱ ጋ እንደላላ አይነግራችሁም። ከዚያ ይልቅ እውነቱን የሚነግራችሁ፣ ግን የሚወዳችሁ አንድ አንባቢ ፈልጉ። ያ አንባቢ “ጥሩ ነው” ብሎ ዝም ቢላችሁ “የቱ ጋ ሰለቸህ?” ብላችሁ ጠይቁት። ሥራው ሲበስል ደግሞ አውጡት። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይላሉ እናቶቻችን፤ በሣጥን ውስጥ እየተጣጠፈ የሚያረጅ ግጥምም እንደዚያው ነው። አንዳንዶቻችሁ ለሚቀጥለው ዓመት፣ ከዚያም ለሚቀጥለው እያላችሁ ያቆያችሁት ሥራ እንዳለ አውቃለሁ፤ ከነጉድለቱ በዚህ ዓመት ይውጣ።

ከቃና ዘገሊላ በኋላ፣ በዓሉ አልፎ ሁላችንም ወደ ሥራችን ስንመለስ፣ የጻፋችሁትን አንድ ገጽ ላኩልኝ። ሁሉን በአንድ ጊዜ ላነብ ባልችልም በየተራ አነባለሁ፤ የቱ ዐረፍተ ነገር እንደያዘኝ፣ የቱ ላይ እንደጠፋሁ በግልጽ እጽፍላችኋለሁ። ሥዕል ወይም ዜማ የያዛችሁም አትቅሩ፤ እነሱን ከእኔ የተሻለ የሚያዩና የሚሰሙ ወዳጆች ጎንደር ውስጥ አሉኝ፣ አገናኛችኋለሁ። በዓሉ የሰላም፣ የጤናና የፍቅር ይሁንላችሁ።