በአልትራሳውንድ እየመሩ ከመገጣጠሚያ ናሙና መውሰድ፦ ናሙናው ከንቱ እንዳይቀር

ሩማቶይድ አርትራይተስን (የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ የሚያስቆጣበትን በሽታ) ለመለየት ባዮፕሲ (የሥጋ ናሙና መውሰድ) የግድ አይደለም፤ የሕመሙ ምልክትና የደም ምርመራው አብዛኛውን ጊዜ ይበቃሉ። እኔ ናሙና የምወስደው ነገሩ ሲያጠራጥር ነው፤ በተለይ አንድ መገጣጠሚያ ብቻ አብጦ ሲሰነብት። ቲቢ ባለበት በኛ አገር እሱን ሳያጣሩ ስቴሮይድ (ቁጣን የሚያበርድ፣ የመከላከል አቅምን ግን የሚያዳክም መድኃኒት) መጀመር አደጋ ነው። ለምርምርም ይወሰዳል፦ በ2021 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የታተመው አርፎርአርኤ (R4RA) ጥናት ሪቱክሲማብንና ቶሲሊዙማብን (ሁለት የሩማቶይድ መድኃኒቶች) ሲያነጻጽር ታማሚዎቹን በቡድን የለየው በሲኖቪየም (የመገጣጠሚያው የውስጥ ሽፋን) ናሙና ነው።

መጀመሪያ ምስሉ። ለእጅ አንጓና ለጣት መገጣጠሚያ ከ12 ሜጋኸርዝ በላይ የሆነ ሊኒየር ፕሮብ (ፊቱ ቀጥ ያለ የአልትራሳውንድ መመልከቻ) እይዛለሁ። ጄሉን አብዝቼ ፕሮቡን ሳልጫን አሳርፋለሁ፤ ጥቂት ጫና ደቃቃ የደም ሥሮችን ይደፍንና የተቆጣው መገጣጠሚያ ጤነኛ መስሎ ይታያል። የፓወር ዶፕለሩን (የደም ፍሰትን በቀለም የሚያሳየውን) ፒአርኤፍ (የድምፅ ምቱን ድግግሞሽ) ከ0.5 እስከ 1 ኪሎኸርዝ፣ ዎል ፊልተሩን (ዝግተኛ እንቅስቃሴን የሚያጣራውን) ዝቅተኛው ላይ አደርጋለሁ። ጌይኑን (የምልክቱን ማጉያ) ነጠብጣብ እስኪበዛ ከፍ አድርጌ፣ ነጠብጣቡ እስኪጠፋ መልሼ እቀንሳለሁ። ዶፕለሩን ካየሁ በኋላ ነው ጫን የምለው፦ ፈሳሽ ይሸሻል፣ የወፈረ ሲኖቪየም ግን ቦታውን አይለቅም። ከ0 እስከ 3 በሚሰጠው ደረጃ ውፍረቱ 2 ካልደረሰ አልወጋም፤ ስብና ካፕሱል (የመገጣጠሚያው የውጭ ከረጢት) ብቻ ይዞ መውጣት ይመጣል።

ደም የሚያቀጥን መድኃኒት መኖሩን ሳልጠይቅ አልጀምርም። ቆዳው የተመረዘ ወይም መገጣጠሚያው ሰው ሠራሽ ከሆነ እተወዋለሁ። ለጉልበት 14፣ ለእጅ አንጓ 16 ጌጅ (የመርፌ ውፍረት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ መርፌው ይወፍራል) ከፊል አውቶማቲክ መርፌ ይስማማኛል። ጉልበቱን 30 ዲግሪ ያህል አጥፌ ከውጭ በኩል እገባለሁ፤ አንጓ ላይ ጅማቶቹንና የደም ሥሮቹን አስቀድሜ ምልክት አደርጋለሁ። 1% ሊዶኬይን ከቆዳ እስከ ካፕሱል እሰጣለሁ፤ በኪሎ ከ3 ሚሊግራም አላሳልፍም። ሲሪንጁ ውስጥ አየር ከቀረ ከሥሩ ያለውን ምስል ይጋርደዋል።

ዋናው ነገር የመርፌው ጎድጓዳ (በውስጡ ዘንግ ላይ ያለው፣ ሥጋው የሚገባበት ቦታ) ነው። መርፌው ሙሉ ርዝመቱ ስክሪኑ ላይ እየታየ፣ ከአጥንቱ ጋር ትይዩ ሆኖ ይገባል። የውስጡን ዘንግ በእጄ ገፍቼ ጎድጓዳው ሲኖቪየሙ ውስጥ ማረፉን አያለሁ፤ አፉን ወደ ወፍራሙ ሥጋ አዙሬ፣ በፕሮቡ ከላይ ቀስ ብዬ ጫን እላለሁ፤ ሥጋው ወደ ጎድጓዳው የሚገባው ያኔ ነው። ከዚያ እተኩሳለሁ፤ ስለታሙ የውጭ ቱቦ በስፕሪንግ ወርዶ ሥጋውን ይቆርጣል። ሲተኮስ ጫፉ ከቆመበት አያልፍም፤ ግን የት እንደቆመ ካላዩ አይተኩሱ። አፉ ወደ ካፕሱሉ ከዞረ የሚመጣው ነጭና ጠንካራ ክር ነው።

ቁጣው እኩል ስላልተሰራጨ ቢያንስ 6 ቁራጭ ከተለያየ ቦታ እወስዳለሁ። ቁራጩን በፒንሴት አልይዝም፣ ይጨፈለቃል፤ በቀጭን መርፌ ጫፍ አነሳዋለሁ። ለፓቶሎጂ 10% ፎርማሊን። ለካልቸርና ለጂን ኤክስፐርት (ጀርሙን አሳድጎ ለማየትና ለቲቢ ዘረመል ምርመራ) ግን ንጹሕ ሳላይን (የጨው ውሃ)፤ ፎርማሊን ጀርሙን ይገድለዋል፣ ካልቸሩም ባዶ ይሆናል። ሪህ ከተጠረጠረ አብሶሉት አልኮል፤ የዩሪክ አሲድ ክሪስታሎቹ ፎርማሊን ውስጥ ይሟሟሉ።

ፓቶሎጂስቱ በክሬን ስኮር (የሲኖቪየም ቁጣ መለኪያ) ከ0 እስከ 9 ይሰጣል፤ ከ5 ጀምሮ ከፍተኛ ቁጣ ነው። የሲኖቪየሙ የላይኛው ሽፋን ከሌለ ግን ነጥብ መስጠት አይቻልም። በመጠየቂያው ወረቀት ላይ የዶፕለሩን ደረጃና ታማሚው የሚወስደውን ስቴሮይድ እጽፋለሁ፤ ስቴሮይድ ያበረደውን ሥጋ ያለዚህ መረጃ ማንበብ ያሳስታል።

ቀዳዳውን ተጭኜ አሽጌ፣ ለ24 ሰዓት መገጣጠሚያውን እንዲያሳርፉት እነግራቸዋለሁ። ትኩሳት ወይም እየባሰ የሚሄድ እብጠት ካለ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ይመለሱ።