በአንድ ጎኑ የሚቀመጠው ልጅ

የሕፃናት ሕክምና ሬዚደንት፣ ማለትም ስፔሻሊስት ለመሆን የምሠለጥን ሐኪም ሳለሁ ነው። ልጁ 12 ዓመቱ ነው፤ ክብደቱ ግን 21 ኪሎ፣ ሲያዩት የሰባት ዓመት ልጅ ይመስላል። ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ማታ ማታ ያተኩሰዋል። ሌላ ቦታ የአንጀት ቲቢ ተብሎ መድኃኒት ከጀመረ አራተኛ ወሩን ይዟል። እኔም ካርዱን አነበብኩና ተስማማሁ። እዚህ አገር የትንሹ አንጀት ጫፍ ቆስሎና ጠብቦ ከተገኘ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቲቢ ነው፤ ብዙውን ጊዜም እሱው ይሆናል።

ታዲያ ለምን አልተሻለውም? እናትየዋ "ዶክተር፣ አንድም ቀን አላሳለፍኩበት" እያለችኝ "መድኃኒት መውሰዱ ያጠራጥራል" ብዬ ጻፍኩ።

በሦስተኛው ቀን የማታ ተረኛዋ ሲስተር ጠራችኝ። "ዶክተር፣ ይሄ ልጅ ለምን በአንድ ጎኑ እንደሚቀመጥ ጠይቀኸዋል?"

አልጠየቅኩም። ሆዱን ዳስሻለሁ፣ ደረቱን አዳምጫለሁ፤ ሱሪውን ግን አላስወለቅኩም። ካርዱ ላይ በገዛ እጄ "መቀመጫ፦ ደህና" ተብሎ ተጽፏል።

መጋረጃውን ስበን፣ ሲስተር "አይዞህ የኔ ጌታ" እያለች እጁን ይዛው አየነው። ፊንጢጣው አጠገብ መግል የሚያፈሱ ሁለት ቀዳዳዎች ነበሩ። ፊስቱላ፤ ከአንጀት ወደ ቆዳ የተከፈተ ቦይ። እናትየዋ አንገቷን ደፋች። "ሙታንታውን የማጥበው እኔ ነኝ፣ አውቃለሁ። ኪንታሮት መስሎኝ... እሱም ያፍራል። ደግሞ ማንም አልጠየቀኝ።"

ቲቢም አልፎ አልፎ እዚያ ፊስቱላ ያወጣል፤ ከዚህ ሁሉ ወር ሕክምና በኋላ ግን ሲኒየራችን የጠረጠሩት የክሮንን በሽታ ነው። በኛ ልጆች ላይ እምብዛም የማናየው፣ ከአፍ እስከ ፊንጢጣ የትም ሊወጣ የሚችል የአንጀት ብግነት ነው። ክሮንና ሁለት ባልደረቦቹ በ1932 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ሆነው ሲጽፉት የትንሹ አንጀት ጫፍ በሽታ ብቻ መስሏቸው ነበር። እኔ ደግሞ ከ80 ዓመት በላይ ቆይቼ እዚያው ጫፍ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ብግነቱን የሚያበርደውን ስቴሮይድ ቶሎ ልስጥ እንዳይባል፣ የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም ቲቢ ከሆነ እሳት ላይ ቤንዚን ነው። ለልጅ ኮሎኖስኮፒ (አንጀትን በካሜራ ማየት) የሚሠራበት ቦታ ፈልገን ሁለት ሳምንት ጠበቅን። ከአንጀቱ ከተወሰደው ናሙና (ባዮፕሲ) የቲቢ ምልክት አልተገኘም፤ የቲቢን ጀርም የሚፈልገው የጂን ኤክስፐርት ምርመራም ነጋቲቭ ሆነ። መግሉ በአንቲባዮቲክ ከታከመ በኋላ ስቴሮይድ፣ ቀጥሎም ብግነቱ እንዳይመለስ የሚያግዘው አዛቲዮፕሪን ተጀመረለት።

በሦስተኛው ወር ቀጠሮው 26 ኪሎ ሆኖ መጣ። ወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። እናቱ እየሳቀች "ሙታንታዬን አታጥቢም ብሎኛል፤ አድጌያለሁ ይላል" አለችኝ።