ሜጋቢት ከመጨመራችሁ በፊት ወረፋውን እዩት

በምሠራበት የደብረ ማርቆስ ኮሌጅ የመመረቂያ ጽሑፍ ሲቀርብ የውጭ ፈታኙ ብዙ ጊዜ ከአዲስ አበባ በቪዲዮ ይገባል። ከሰዓት በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ በተማሪ ሲሞላ ግን ድምፁ መቆራረጥ ይጀምራል፤ ለዓመታት የደከመችበትን ሥራ የምታቀርብ ተማሪ የተጠየቀችውን እንኳ በቅጡ አትሰማም። ያን ጊዜ ከየአቅጣጫው «መሥመሩ ይጨመር» ይባላል። አጥብቄ የምቃወመው ይህን ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። ጂ.711 የተባለው መደበኛ የስልክ ድምፅ በሰከንድ 64 ኪሎቢት ይፈጃል። በየ20 ሚሊሰከንዱ በሚላክ ፓኬት፣ ማለትም ተቆርጦ በሚላክ የመረጃ ጥቅል ላይ የአድራሻው መረጃ ሲታከልበት 80 ኪሎቢት ይሆናል። የእኛ መሥመር በሰከንድ 20 ሜጋቢት፣ ማለትም 20,000 ኪሎቢት ነው፤ ስለዚህ ድምፁ ቦታ አላጣም። ያጣው ተራ ነው። ከፊቱ 1500 ባይት የሆኑ 250 የፋይል ፓኬቶች ቢደረደሩ እነርሱ እስኪያልፉ ብቻ 150 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለንግግር እንዳይታለፍ የሚመክረው የአንድ አቅጣጫ መዘግየትም 150 ሚሊሰከንድ ነው። አንድ ወረፋ ሁሉንም በላው ማለት ነው።

ወፍጮ ቤት ሃያ ኩንታል ጤፍ ካመጣ ነጋዴ ኋላ አንድ ቁና ይዛ የቆመችን እናት አስቡ። ሞተሩን ከማፍጠን ይልቅ እርሷን ማስቀደም ይቀላል፤ ነጋዴውንም አይጎዳውም።

ለማስቀደም ግን ወረፋው በእጃችን መሆን አለበት። ስለዚህ ግቢውን ከኢንተርኔት በሚያገናኘው መሣሪያ፣ በራውተራችን ላይ፣ ከውጭ የሚገባውን መረጃ ፍጥነት 18 ሜጋቢት ላይ ገደብነው። የተከፈለበት ሁለት ሜጋቢት ለምን ይባክናል ያሉኝ ነበሩ። አልባከነም፤ ገደቡ ባይኖር ወረፋው የሚከማቸው እኛ ልናዝዘው በማንችለው የኢንተርኔት አቅራቢው መሣሪያ ውስጥ ነበር። አሁን ፋይል የሚልኩት ሰርቨሮች ፓኬት ሲዘገይባቸውና ሲጠፋባቸው ራሳቸው ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ።

ከዚያ በኋላ ድምፅ እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው፣ ፓኬቶችን በምልክት እየለየ በሚያስተናግደው በዲፍሰርቭ ሥርዓት 46 የሚል ምልክት ተሰጥቶት ይቀድማል። ምልክቱ የሚከበረው በግቢያችን ውስጥ ብቻ ነው፤ ከውጭ ያለው አውታር እንዲያከብረው የሚያስገድደው የለም። ለቀዳሚውም ጣሪያ ያስፈልገዋል፤ ካልሆነ ሌላውን ሁሉ ያስርባል። ምስል ሁለተኛ ነው። የፈታኙ ፊት ለአፍታ ቢደርቅ ፈተናው ይቀጥላል፤ ድምፁ ቢጠፋ ይቆማል።

«ዩቲዩብ ይዘጋ» የሚለውን ሐሳብም አልቀበልም። የተቀዳ ትምህርት ቀድሞ ስለሚጠራቀም ጥቂት ሰከንድ ቢዘገይ አይጎዳም፤ ቤታቸው ኢንተርኔት ለሌላቸው ተማሪዎች ደግሞ ያ ቤተ መጻሕፍት ብቸኛው በር ነው።

የቀረን ዋይፋዩ ነው። በአየር ላይ ሁሉም በአንድ ቻናል ስለሚሻማ የራውተሩ ቅደም ተከተል እዚያ ብዙም አይረዳም። ለፈተናው ክፍል ገመድ ዘርግተናል፤ ቀጥሎ የመሰብሰቢያ አዳራሹ ነው።